የእንግዳው ጀሪካን፦ መንዝ ላይ ምንጭ ስናጎለብት የተያዘ ማስታወሻ

ጥር 14 ቀን 2010፣ ሰኞ

ጣርማበር ላይ የደሴውን አስፋልት ለቀን ወደ መሐል ሜዳ ተገነጠልን። ጓሳ በሚባለው የደጋ ሣር ምድር ላይ መኪናው ቆመ፤ ጭላዳ ዝንጀሮ መንገዱን ሞልቶት ሳር ይነጫል፣ ለጡሩምባ ግድ የለውም። ሆላንዳዊቷ ቀይ ቀበሮ ለማየት በመስኮት ወጥታ ልትወድቅ ምንም አልቀራት፤ አልቀናትም።

የመጣንበት መንደር ከመኪና መንገዱ ዝቅ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ነዋሪዎቹን አላስፈቀድኩም። አራት ነን፦ ጡረታ የወጣ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ፣ በአገሯ አስተማሪ የሆነች ሆላንዳዊት፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና የሚማር ልጅ፣ እኔ። የእኔ ሙያ ቧንቧና ግንብ ነው፤ አስተርጓሚነቱ የተጫነብኝ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። ፈረንጆቹ የመጡት በራሳቸው ወጪና በራሳቸው ጊዜ ነው። ደመወዝ የለም፣ አበል የለም፣ ማደሪያ በገበሬ ቤት።

ሥራው አንድ ነው። ከመንደሩ በላይ ከድንጋዩ ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ አጎልብቶ ውሃውን በስበት እስከ መንደሩ ቦኖ ማውረድ። እስካሁን ሰውም ከብትም የሚጠጣው ከአንድ ጉድጓድ ነው።

ማታ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ስለ ማደሪያችን ስብሰባ ተደረገ። አንዱ "ቆርቆሮ ቤት ያለው ይቀበላቸው" አለ። ሌላው ተነሥቶ ከእንግዳ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው ብሎ ተቆጣ። ከኋላ የተቀመጡ እናት "ነውሩስ ጎታው ባዶ ሲሆን ነው" ሲሉ ሰዉ ሳቀ፣ ክርክሩም እዚያው አለቀ። ፈቃደኛ ከሆኑት ቤቶች መካከል ዕጣ ወጣ። ሒሳቡ ለሁሉም እኩል፣ ሕዝብ ፊት፣ ለቤቱ እመቤት በእጅ እንዲሰጥ ተስማማን። የመጨረሻዋን ነገር የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ጎታውን የምታየው እሷ ናት።

ጥር 15

ፍሰት ለካን። 20 ሊትር ጀሪካንና የእጅ ሰዓት ካለ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ጀሪካኑ በ80 ሰከንድ ሞላ። ደጋግመን ብንለካ ያው ነው፤ በደቂቃ 15 ሊትር፣ በቀን 21,600። ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለአንድ የገጠር ነዋሪ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር ይላል። በዚያ ስሌት ምንጩ ከ860 ሰው በላይ ያጠጣል። መንደሩ ስድሳ ገደማ አባወራ ነው፣ በወረቀት ላይ ትርፍ አለ።

ኦስትሪያዊው ግን "ግንቦት ላይስ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ለክቶ የጻፈው ሰው የለም። ውሃ ሊቀዱ የመጡት ሴቶች ግን ያውቁታል። አንዷ ከመቀነቷ ሱፍ አወጣችና ግንቦት ላይ ጀሪካኗ እስኪሞላ ቁጭ ብላ የምትፈትለውን ያህል ለይታ አሳየችን። እንድትፈትለው ለመንናት፣ ተማሪው ሰዓት ያዘ። ጓደኞቿ "ቀስ በይ፣ አታጭበርብሪ" እያሉ ይስቃሉ። እንዝርቱ ሲቆም አራት ደቂቃ ሆኖ ነበር።

20 ሊትር በአራት ደቂቃ ማለት በደቂቃ 5 ሊትር፣ በቀን 7,200 ነው። ለ288 ሰው። ስድሳ አባወራ በአምስት ነፍስ 300 ይሆናል። ትርፍ ያልነው ጠፋ። የሌሊቱ ውሃ ሳይጠራቀም ከፈሰሰ ደግሞ ግማሹም አይገኝም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ገንዳ። በግንቦቱ ፍሰት ከማታ 12 እስከ ጠዋት 12 ሰዓት የሚጠራቀመው 3,600 ሊትር ነውና 4 ሜትር ኩብ የሚይዝ ይበቃል። የገንዳው መጠን በእንዝርት ተወሰነ ብዬ ስጽፍ ቀልድ ይመስላል፤ ከዚያ የተሻለ መረጃ ግን ወረዳውም አልነበረውም።

ጥር 16፣ ረቡዕ

እኔና ኦስትሪያዊው አንድ ቤት ነው የደረሰን። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሳር፣ ከውስጥ ግማሹ ጋጥ። ጥጃዋ ከራስጌዬ ነው የምታድረው፤ ትንፋሿን አልጠላሁትም። መኝታችን መደብ፣ ምንጣፉ አጎዛ፣ ልብሱ ባና። ባና ለማያውቅ፦ የመንዝን በግ ሱፍ ሴቶች ፈትለውት ወንዶች የሚሸምኑት፣ ወፍራም፣ ከባድ፣ አንገት የሚያሳክክ ልብስ ነው። ውጭ ውርጭ ሲጥል ግን ፈረንጁ ይዞት የመጣውን የመኝታ ከረጢት ያስንቃል። ሰውየው ዛሬ ከረጢቱን ጠቅልሎ ትራስ አድርጎታል።

የቤቱ እመቤት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሣሉ። ዛሬ ዝም ብዬ ጀሪካን ስቆጥር ዋልኩ። ከእኛ በፊት ለአምስት ቤተሰብ በቀን ሦስት ጀሪካን ነበር፤ 60 ሊትር፣ ለነፍስ ወከፍ 12። እኛ ከገባን ወዲህ አምስት ሆኗል። ጭማሪው በሙሉ የእኛ ነው፤ እግር መታጠቢያው፣ ሻዩ፣ የፈረንጁ ጺም መላጫ፣ ለእኔና ለእሱ 20፣ 20 ሊትር። እኛ ዕቅዱ ወዳለው 25 ሊትር ተጠግተናል፣ ባለቤቶቹ ግማሹን እንኳ አላገኙም። ውሃ ልናመጣ መጥተን ውሃ አስቀጂ ሆነን አረፍነው።

ስለ በጎ ፈቃድ ጉዞ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነገረው ሂያጁ ምን እንደሰጠ ነው። የፈረንጁን ዶማ ሁሉም ፎቶ ያነሣል። በሌሊት ተጨማሪ ጀሪካን አዝላ ቁልቁለት የምትወርደውን ሴት ማንም አያነሣትም፣ ለነገሩ ጨለማ ነው።

ማታ ጉዳዩን አነሣሁት። "እማማ፣ ከነገ ጀምሮ የራሳችንን ውሃ እኛው እንቅዳ።"

"ምን ሲደረግ! እንግዳዋን ውሃ አስቀዳች ልታስብለኝ ነው? ደግሞ በወንድ!"

"ከሥራ ስንመለስ መንገዳችን ነውኮ።"

"ቤቴን ልታሰድብ ነው እንዴ የመጣኸው ልጄ?"

አባወራው በሳቅ ሞቱ። ኦስትሪያዊው ምን እንደሚባል ባይገባውም ቆመና ባዶውን ጀሪካን በትከሻው ይዞ አሳየ፤ እሳቸው ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ብዙ ከተባባልን በኋላ ስምምነቱ ይህ ሆነ፦ ከመሸ በኋላ ከሆነ ይሁን፣ በቀን ግን ሰው እያየ አይሞከርም።

ጥር 17

ቀበሌ ዋልን። ጥር የተፋሰስ ሥራ ወር ነው፤ መንደሩ በሙሉ ጠዋት ጠዋት እርከን ሊሠራ ዘመቻ ይወጣል። እኛ ደግሞ የምንፈልገው እነዚያኑ እጆች፣ በዚያው ሰዓት ነው። አንድን ገበሬ በአንድ ጠዋት ሁለት ቦታ ማሰለፍ አይቻልም። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ላይ "ከሰዓት በኋላ ውሰዷቸው" አለ። ከሰዓት በኋላ ከብት አለ፣ ውድማ ላይ የቀረ ገብስ አለ።

መፍትሔው ከተማሪው መጣ። የመንደሩ የዘመቻ ድርሻ ከምንጩ በላይ ያለው የተራቆተ ቁልቁለት ይሁን አለ። እርከኑ ጎርፉን ይይዛል፣ ውሃው ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ምንጩን የሚመግበውም ያ ነው። ለቀበሌውም ሪፖርቱ ይሟላለታል። ከዚያው ላይ ጥቂት ሰው በየተራ ወደ እኛ ይወርዳል። ልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ካርታዋን ዘርግታ ቦታውን አጸደቀችው።

ጥር 19

የምንጩን ዐይን ተከትለን ቆፈርን። ዲጂኖ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ባሬላ። የላይኛው ጭቃ ሲነሣ ውሃው የሚወጣው ሁላችንም ከገመትነው ቦታ ሳይሆን ወደ ግራ፣ ከአለቱና ከነጭ ሸክላው መገናኛ ላይ ከሁለት ስንጥቅ መሆኑ ታየ። አለቱን መፈልፈል ክልክል ነው፤ ስንጥቁ ከተነካካ ውሃው የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ተማሪው ከፍ ያለ ሳጥን ነድፎ ነበር፤ ውሃው እዚያው ዐይኑ ላይ ተከማችቶ እንዲቆይ። አንድ ሽማግሌ ከላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩና "ውሃውን አታስጨንቁት፣ የተጨነቀ ምንጭ ይሰደዳል" አሉ። በአጎራባች ሸለቆ በድንጋይ ታጥሮ የተገደበ ምንጭ ነበር፤ ዛሬ የሚወጣው ከታች የሰው ባቄላ ማሳ ውስጥ ነው። ኦስትሪያዊው ሲተረጎምለት ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ተራ የግፊት ጉዳይ ነው፤ የተከማቸው ውሃ ከዐይኑ በላይ ከፍ ካለ መልሶ ይጫነዋል፣ ውሃውም የቀለለውን መንገድ ይፈልጋል። የተናደደው ተማሪው ነው። የመምህሩ ሥዕል ላይ ሳጥኑ ረዥም እንደሆነ ምሎ ተናገረ።

የተስማማነው፦ ዐይኑ ጋ ትንሽ መሰብሰቢያ ብቻ፣ ትርፍ ውሃ ማስወጫው ከዐይኑ ዝቅ ብሎ፣ ገንዳው ለብቻው ከታች ቦኖው አጠገብ። ከዐይኑ ፊት የታጠበ ድንጋይና ጠጠር ይደረደራል፣ ከላዩ ሸክላ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ አፈር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይና አጥር።

ጥር 21፣ ሰኞ

አስተርዮ ማርያም ናት። ዘንድሮ የነነዌ ጾም መግቢያም በዚሁ ቀን ዋለ። ሆላንዳዊቷ "እኛ ክርስትናችን ሌላ ነው፣ ድንጋይ ብናጓጉዝስ?" አለች። አይሆንም አልኳት። በዓል ተሽሮ ከተሠራ በረዶ ይጥላል ይባላል። አንቺ ብታምኚም ባታምኚም፣ በልግ ላይ በረዶ ቡቃያውን ቢመታው ምክንያቱ የፈረንጆቹ ባሬላ ነው የሚባለው፤ የሚሰማውም ያስጠጋሽ ቤተሰብ ነው። ገባትና ነጠላ ተበድራ ንግሥ ሄደች። ሳትደክም አልተመለሰችም፣ እስክስታው ላይ አስገብተዋት ነበር።

በጾሙ ሌላ ጉዳይ ተነሣ። ቤተሰቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፣ ሕፃናቱም ሳይቀሩ። ለእኛ ግን ጠዋት እንቁላል ሊጠበስ ምጣድ ተጣደ። ጾመኛ ሴት ሽታውን እየሸተተች ለሌላ ሰው ስትጠብስ ማየት ከብዶኝ "እኛም ከእናንተ ጋር ዘጠኝ ሰዓት እንበላለን" አልኩ። ኦስትሪያዊው ሳይበላ መዋሉ ቅር ቢለውም ተስማማ። ዘጠኝ ላይ የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ፣ በስልጆ። ሰውየው ስልጆው አናቱ ላይ ሲወጣበት ዕንባው እየወረደ ጨመረ።

ጥር 25

ግንቡ ተጀመረ። ሲሚንቶው ከመኪና መንገድ የወረደው በአህያ ነው፣ በአንዷ አንድ 50 ኪሎ ከረጢት። አሸዋ ከወንዝ፣ ጠጠር በመዶሻ። ማልታው አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ፤ የገንዳው ክዳን ደግሞ ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር አንድ ለሁለት ለአራት።

ፈተናው ብርዱ ነው። ሌሊት ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ውሃ ይረጋል። ትኩስ ማልታ ሳይጠነክር ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ግንቡ ጠዋት በጣት ይፈረፈራል። ስለዚህ ሥራ የምንጀምረው በረዶው ከሟሟ በኋላ፣ አራት ሰዓት ግድም፤ ማልታ ማቡካት የምናቆመው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትርቅ። ማታ መሸፈን አለበት። ኦስትሪያዊው "ገለባ" አለ። ገለባ በጥር የከብት ቀለብ ነው፤ ለግንብ ልብስ ስጡን ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይጠይቃል።

አባወራው ናቸው የፈቱት። ባዶ ማዳበሪያ ሰብስበው ገለባውን ውስጡ ጠቀጠቁና አፉን በገመድ አሰሩ፤ ማታ ማታ ግንቡ ላይ ይደረደራል፣ ጠዋት ይነሣል፣ ሥራው ሲያልቅ ገለባው ሳይነካ ወደ ጋጡ ይመለሳል። ግንበኛችን መጀመሪያ ሳቀ። ጠዋት ማዳበሪያውን አንሥቶ ግንቡን በመዶሻው ጫፍ መታ መታ አደረገና ዝም አለ። ከማዳበሪያው ውጭ የቀረችው አንዲት ጥግ ብቻ ነጥታ ተፈርፍራለች፤ አፍርሰን ደግመናታል።

ጥር 30

ቧንቧ። ቦዩ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ማረሻ እንዳይደርስበት፣ ብርድም እንዳይነካው። መስመሩ የአንድ ሰው ማሳ አቋርጦ ያልፋል። ሰውየው ፈቃደኛ ነው፤ ችግሩ ወንድሙ ነው፣ በድንበሩ የቆየ ክርክር አላቸው። ሽማግሌዎች ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ግማሽ ቀን ፈጁ። እኛ ዲጂኖ ተደግፈን ፀሐይ ሞቅን። መጨረሻ ላይ ቧንቧው ድንበሩ ላይ ይሂድ ተባለ። ትንሽ ዞረ፣ ግን ክርክሩንም አብሮ ቀበረው፤ ከአሁን ወዲያ ድንበሩን ለመግፋት ቧንቧ መስበር ያስፈልጋል።

የማታው የጀሪካን ጉዞ ምስጢርነቱ ቀርቷል። ልጆች ከኋላችን ተሰልፈው ይዘፍናሉ። ሆላንዳዊቷ በቀን ትቀዳለች፤ ሴት ስለሆነች ማንም ምንም አላለም። እሷ ደግሞ ይኸው ነው ያናደዳት።

የካቲት 4፣ እሑድ

ቅበላ። ነገ ሁዳዴ ይገባል፤ መንደሩ በግ አረደ፣ እኛም ድርሻችንን አዋጣን። ከምንጩ ሥር የመከሩን ሽማግሌ ቤት ተጠራን። በልጅነታቸው ከተማ ሲማሩ የሰላም ጓድ አሜሪካዊ እንግሊዝኛ እንዳስተማራቸው ነገሩን። የመጀመሪያዎቹ ከ270 በላይ የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ የገቡት በ1955 መግቢያ ነው። ከዚያ በ1967 የእድገት በኅብረት ዘማቾች መጡ። "እናንተም ዘማች ናችሁ" አሉን። ልዩነቱን ስጠይቃቸው አጥንት እየጋጡ "እነሱ ካምፕ ነበር የሚያድሩት። ማታ ምን እንደምንበላ አላዩም" አሉ።

ኦስትሪያዊው አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መጥቶ ከደብረ ብርሃን ልጅ በምን እንደሚሻል ማታ ራሱ ጠየቀኝ። በግንብ አትሻልም አልኩት፣ ግንበኛው ይበልጥሃል። ንድፍ ላይ ትሻላለህ፣ መጠየቅም ታውቃለህ። የአውሮፕላኑ ትኬት ሁለተኛ ምንጭ ያሠራ ነበር ወይ ካልከኝ፣ ሳይሆን አይቀርም። አልተቀየመም፣ እንዲያውም ደብተሩ ላይ ጻፈው።

የካቲት 7

ክዳኑ ጠንክሯል። ትናንት ገንዳውን በክሎሪን አጥበን አሳደርነው፣ ዛሬ አፈሰስነው። ሽታው ያልወደዱ ብዙ ናቸው። ቦኖው ሁለት አፍ አለው፤ ትርፉ ወደ ከብት ገንዳ ይወርዳል። ከብት ከአሁን በኋላ ምንጩ አጥር አይደርስም።

የውሃ ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፣ አራቱ ሴቶች። መተዳደሪያው ላይ ሲከራከሩ የጓሳ ነገር ተነሣ። አባቶቻቸው ጓሳን ቄሮ በሚባል የቆየ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ አባ ቄራ በሚባል አለቃ ይመሩ ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ችግር ሲበረታ ይከፈታል፣ የሰረቀ ይቀጣል። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው፤ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ ጥበቃ ሥር ያለው እንደገና ተነጋግረው ስላቆሙት ነው። ስለዚህ የመዝጊያና የመክፈቻ ሰዓት የሚለው ሐሳብ ለማንም አዲስ አልሆነም። የከበደው ቁልፉ ነው። ወንዶቹ ለሊቀ መንበሩ አሉ። ያረፍንበት ቤት እመቤት ተነሥተው "ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ሲሄድ ከማን ልንቀዳ ነው?" አሉ። ቁልፉ ከቦኖው ጎን ላለችው ባልቴት ተሰጠ፤ ከወርሃዊ መዋጮው ድርሻ ይታሰብላታል።

ምረቃው ለኪዳነ ምሕረት ይሁን ብለዋል፣ የካቲት 16። እኛ አንኖርም። ሪባን ቆራጭ ሳይኖር ቢመረቅ ደስ ይለኛል።

ለኮሚቴው የተረፈ፦ ሁለት መለዋወጫ ቧንቧ አፍ፣ የቧንቧ መፍቻ፣ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ፣ የመስመሩ ሥዕል። ተማሪው ግንቦት ላይ ተመልሶ ይለካል። ጀሪካኑ በአራት ደቂቃ ከሞላ ሰዓቱ እንዳለ ይቀጥላል። ከዚያ ከዘገየ ማታ የሚዘጋው በ12 ሳይሆን በ11 ይሆናል፤ ይህም መተዳደሪያው ላይ ተጽፎ ሰባቱም ፈርመውበታል።